ከሣጥን የወጣ፣ ከመዝገብ ያልገባ ቅርስ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት የዱከም፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ከተሞች ባለፉት ሃያ ዓመታት ያሳዩት ዕድገት የአካባቢውን መልክ ብቻ ሳይሆን የነዋሪውን ቤት ውስጣዊ ገጽታ ጭምር ለውጦታል። በቢሾፍቱ መንገድ ላይ የምትገኘው ዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረው ማሳ በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በመኖሪያ መንደር ተተክቷል፤ የሣር ክዳን ቤቶችም ለቆርቆሮና ለብሎኬት ቦታቸውን ለቀዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የቤት ዕቃ ዕጣ ፈንታ ግን እምብዛም ሲጠየቅ አይሰማም።

አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ያልከፈተውን ሣጥን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ በሦስት አጋጣሚዎች ነው። የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ አርፈው ውርስ ሲከፈል፣ ቤቱ ለልማት ሲነሳ ወይም አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲስ ሲሠራ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ በሦስቱም አጋጣሚዎች ከቤተሰቡ ቀጥሎ በሥፍራው የሚገኘው የመንግሥት አካል መሆኑ ነው። በውርስ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚሾመው ውርስ አጣሪ፣ በልማት ጊዜ የካሳ ገማች ኮሚቴ፣ በግንባታ ጊዜ ደግሞ የቀበሌና የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ በቤቱ ይገኛሉ። በመሆኑም ስለ አንድ የቤተሰብ ቅርስ የሚጻፈው የመጀመሪያው መንግሥታዊ ሰነድ፣ ምናልባትም የመጨረሻው፣ ከእነዚህ ባለሙያዎች እጅ የሚወጣ ነው።

የካሳ ሥርዓቱን ለአብነት መመልከት ይቻላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የወሰነው አዋጅ ቁጥር 455/1997ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን ያሰቡት በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነው። ቤት፣ አጥር፣ ሰብልና ዛፍ ይቆጠራሉ። የመቃብር ሥፍራ ለማንሳት የሚጠይቀው ወጪ ሳይቀር በደንብ ቁጥር 135/1999 ታስቧል። ተንቀሳቃሽ ንብረት ግን ባለቤቱ ይዞት የሚሄደው በመሆኑ በገማቹ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ይህ ከካሳ ሕግ አኳያ ሲታይ ትክክል ነው። ችግሩ ገማቹ የባሕር ዛፉን ቁጥር መዝግቦ በወጣ ማግስት ቤተሰቡ የሚጭነውንና የሚጥለውን መለየት መጀመሩ ነው። በዚያች ሰዓት የዕቃዎቹን ዋጋ የሚቆርጠው ባለሙያ ሳይሆን በበሩ ላይ "ቁራሌው!" እያለ የሚያልፈው ነጋዴ ወይም አሮጌውን ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠው ልዋጭ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሕጋዊ ኑሯቸውን የሚመሩ ዜጎች ናቸውና ወቀሳው ወደነሱ ሊያመራ አይገባም። ብርን በግራም፣ ነሐስን በኪሎ ይገዛሉ። ያልተለየ ዕቃ ከክብደቱ በቀር ሌላ ዋጋ የለውም።

የሀገራችን የቅርስ ሕግ "አሮጌ" እና "ቅርስ" የሚሉትን ሐሳቦች የለየበት መንገድ በጊዜ ሂደት ተለውጧል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ዕቃዎች አዋጅ ቁጥር 229 ጥበቃ የሰጠው ከ1850 ዓ.ም. በፊት ለተሠሩ ነገሮች ነበር። ይህ መለኪያ ቀላል ነው፤ ዕድሜው ከታወቀ ሁሉም ታወቀ ማለት ነው። ይሁንና የዓድዋን ዘመን ጋሻና ጎራዴ፣ የምኒልክንም ብር ሁሉ ከጥበቃ ውጭ የሚያስቀር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በበኩሉ በዓመት ገደብ ላይ አልቆመም። የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በኪነ ጥበባዊና በዕደ ጥበባዊ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለውን ነገር ቅርስ ብሎታል። ለውጡ ተገቢ ነው። ሆኖም የመለየቱን ሥራ ከዓመት ቁጥር ወደ ዕውቀት አሸጋግሮታል፤ ዕውቀቱ ደግሞ በየወረዳው በእኩል አልተዳረሰም።

ይኸው አዋጅ የግል ባለቤትነትን እንደሚያከብር ብዙ ሰው አያውቅም። ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊገኝና በውርስ ሊተላለፍ ይችላል። ባለይዞታው የማስመዝገብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለሌላ ሊያስተላልፍ ሲፈልግ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይኖርበታል። ቅርስን ለንግድ ዓላማ መግዛትና መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለዐውደ ርዕይ ከሚሰጥ ፈቃድ ውጭ ከሀገር ማስወጣትም አይቻልም። "ባስመዘግበው ይወሰድብኛል" የሚለው ሥጋት ሰዎች ዕቃቸውን እንዲደብቁ ሲያደርግ ይታያል። ሥጋቱን ለማስወገድ ሕጉን በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት ይበቃ ነበር።

ንግዱ በመከልከሉ ምክንያት በሀገር ውስጥ ሊጠቀስ የሚችል ግልጽ የቅርስ ገበያ ዋጋ የለም። በሌሎች ሀገሮች ባለሙያ ገማች ቀደም ሲል በጨረታ የተሸጡ ተመሳሳይ ዕቃዎችን እየጠቀሰ ይገምታል። እዚህ ግን ዋጋ ሲወራ የሚሰማው በድብቅ ገዢው ወይም በሩቅ ሀገር ጨረታ ነው። ስለሆነም በዱከምም ሆነ በሰበታ "ይህ ስንት ያወጣል?" ለሚል ጥያቄ ሐቀኛው ባለሙያ በቅድሚያ የሚሰጠው መልስ "ምንድን ነው?" የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

በብዙ ቤት የሚገኘውን ጠገራ ብር እንውሰድ። በብሩ ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት ይታያል። ይህን ያነበበ ወራሽ ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃ እንደያዘ ማመኑ አይደንቅም። ንግሥቲቱ በዚያው እ.ኤ.አ በ1780 አርፋለች። ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ግን ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተመትቷል። ሮም ውስጥ መመታት የጀመረው እ.ኤ.አ በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት ወቅት ነው። የቪየናው የገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ይሠራዋል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ስለ ብሩ ዕድሜ ምንም አይናገርም። የሚናገሩት የንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ዕንቁዎች ብዛት፣ የትከሻዋ ጌጥ ቅርጽ፣ የንስሩ የጭራ ላባዎችና የጠርዙ ጽሑፍ ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን የነበሩ ነጋዴዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ዕንቁዎቹን ቆጥረው፣ ከምስሉ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አይተው፣ ያልጣማቸውን ብር ይመልሱ እንደነበር ይታወቃል።

ሙሉው ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው። ይህ ቁጥር የቀላጩ ዋጋ መነሻ ሲሆን፣ አብዛኛው ጠገራ ብርም ከዚህ እጅግ የራቀ የሰብሳቢ ዋጋ የለውም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከዝውውር እየወጣ ሄዷል፤ ብዙውም በአንጥረኛ እጅ መስቀል፣ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆኗል። በመሆኑም የብር መስቀሉ ብር አሮጌ መሆኑ መስቀሉን አሮጌ አያደርገውም። በአንጻሩ 1887 ወይም 1889 የሚል ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር ዓመቱን በትክክል ይናገራል። አንበሳውና ጽሑፉ ሳይደመሰሱ ከተገኘም ከጠገራ ብሩ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ከረጢት አድርጎ በኪሎ መሸጥ ግን የተለመደ ነው።

ብርን በሎሚና በአሸዋ ማሸትም እንዲሁ የተለመደ ነው። ቤተሰቡ ለክብሩ ሲል አሽቶ ያብለጨለጨው ሳንቲም የገጹን ጥቃቅን መስመሮች ያጣል፤ እነዚያ መስመሮች ናቸው ባለሙያው የሚያነባቸው። ከመታየቱ በፊት ያልተነካ ዕቃ ከታጠበው ይሻላል።

የብራና መጽሐፍ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ብራና ዛሬም የሚዘጋጅ፣ ቁም ጸሐፊም ዛሬም ያለ በመሆኑ የብራና መሆን ብቻ ጥንታዊነትን አያረጋግጥም። አዲስ ብራና በጭስና በቅባት አጥቁሮ እንደ ጥንታዊ ማቅረብ የታወቀ ማታለያ ነው። የፊደሉ አጣጣል፣ የመስመሩ አሰማመር፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የጥራዙና የገበታው አሠራር በአንድነት ይመረመራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ሰው የሚያልፋቸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጾች ብዙ ይናገራሉ። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም፣ የአስጻፊው ስም፣ የመሬት ውል፣ የጋብቻና የዕዳ ማስታወሻ የሚገኘው በእነዚያ ላይ ነው። የተፋቀ ስም ካለ መጽሐፉ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ግለሰብ መዛወሩን ያመለክታል። ከ1965 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት 9 ሺህ ያህል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዘመናቸውን በካታሎግ ሥራቸው ላይ አሳልፈዋል። አንድ አጠራጣሪ መጽሐፍ ከዚህ ካታሎግ ጋር ሲነጻጸር የማን እንደነበረ ሊታወቅ የሚችልበት ዕድል አለ።

የባለሙያ ዓይን እንኳን ስሕተት እንደማያጣው የአባ ገሪማ ወንጌሎች ያስረዳሉ። በዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው ገዳም የተጠበቁትን እነዚህን መጻሕፍት ብዙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ ከ1000 ዓመት ወዲህ የተጻፉ ያደርጓቸው ነበር። የካርቦን ምርመራ ግን ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ገዳሙ ግን ከጥንት ጀምሮ ጥንታዊ ናቸው ይል ነበር። የባለቤቱን ቃል እንደ ተረት ከማለፍ መመዝገብ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ማየት ይቻላል። የጎራዴ ስለት ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ በመሆኑ ከእጀታው ሥር የሠሪው ማኅተም ይፈለጋል። በጀርመኗ የሶሊንገን ከተማ የተሠሩ ጥቂቶች አይደሉም። የኒሻንና የሜዳይ ጀርባ የአንጥረኛውን ስም ይይዛል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብና የአዲስ አበባው ሴቫጂያን ስሞች ይታወቃሉ። ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሲሆን ከሌሎቹ ሀገሮች ሜዳይ በዚሁ ይለያል። ስናድርና ውጅግራ ጠመንጃዎች ከታሪካዊ ዋጋቸው ሌላ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታዩ በመሆናቸው ባለይዞታው ሁለት ቢሮ መሄድ ይኖርበታል። የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና የተመረተበት ዓመት ከመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሠራ ዕድሜው ብቻ ዋጋ አይሆነውም።

ስለ ዱከምና ስለ አካባቢዋ ሲነሳ ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚቆሙ ዕቃዎች አሉ። በኦሮሞ ቤተሰቦች ዘንድ የሚገኙት ከለቻ፣ ጫጩ፣ ቦኩና ሲንቄ ከሥርዓት ተነጥለው የሚታዩ ዕቃዎች አይደሉም። ሲንቄ እናት ለልጇ ሠርግ የምትሰጣት በትር ናት። ቦኩ የሥልጣን ምልክት ነው። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ምልክቶች የሥርዓቱ አካል ሆነው ተወስተዋል። ከዚህ አኳያ በውርስ ክፍፍል ጊዜ አንድን ከለቻ በብር ገምቶ ለወራሾች በእኩል ማካፈል የዕቃውን ምንነት መሳት ነው። ማን ሊይዘው እንደሚገባ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ውርስ አጣሪው ይህን ጠይቆ በመዝገቡ ላይ ቢያሰፍር ከገንዘብ ግምት የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ታሪካችን ራሱ መራራ ምሳሌ ይሰጣል። ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶች ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀርበዋል። ጭነቱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ከጨረታው የተገኘው 5 ሺህ ፓውንድ ያህል ሲሆን ለእያንዳንዱ ወታደር 4 ዶላር ገደማ ደርሶታል። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ 1 ሺህ ፓውንድ ይዞ ተገኝቷል። ያን ዕለት የተቆረጠው ዋጋ ገዢው የከፈለው እንጂ የዕቃዎቹ ዋጋ አልነበረም።

ከ153 ዓመት በኋላ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ የዶርሴት አውራጃ የሚገኝ አንድ የጨረታ ድርጅት ከመቅደላ የመጡ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎችን ለሽያጭ አውጥቶ ነበር። በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከጨረታው ተነስተዋል። ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ለኢትዮጵያ ተረክበዋል። ዕቃዎቹ በዚያ ቤተሰብ ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፉ ነበሩ። ሻጩ ዋጋቸውን ከፍ ለማድረግ "ከመቅደላ የመጣ" ብሎ በካታሎግ ጻፈ፤ ኤምባሲውም እንዲመለሱ የጠየቀው ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ነው። የአንድ ዕቃ የእጅ በእጅ ታሪክ በጽሑፍ መገኘቱ ለገበያውም ለሕጉም ይሠራል ማለት ነው።

በ1985 ዓ.ም. የጠፋው የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ደግሞ በኔዘርላንድስ ነዋሪ በሆኑት በአቶ ሲራክ አስፋው እጅ ለ21 ዓመታት ተጠብቆ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለሀገሩ በቅቷል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀልም በ1993 ዓ.ም. ከቤልጅየም ተመልሷል። ሁለቱም የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ንብረት በመሆናቸው ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የሚያከራክር አልነበረም። ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ ቤት በልዋጭ የወጣ ክታብ በውጭ ሀገር ጨረታ ቢታይ ግን ኤምባሲው ምን ይዞ ይከራከራል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2003 ያጸደቀችው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት የተሰረቀ ንብረት እንዲመለስ የሚያስገድደው ከሙዚየም ወይም ከመሰል ተቋም የተሰረቀና በተቋሙ የንብረት መዝገብ ላይ የተመዘገበ ሲሆን ነው። የግለሰብ ቤት እንዲህ ዓይነት መዝገብ የለውም። ያለው ወረዳው የሚጽፍለት ብቻ ነው።

ስለሆነም የምዝገባውን ጥራት የሚወስኑት ቃላት ናቸው። "አንድ አሮጌ መጽሐፍ" የሚል የውርስ ዝርዝር ማንኛውንም መጽሐፍ ይመለከታል። ለተሰረቁ ቅርሶች ፍለጋ በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት የመለያ መመዘኛ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ፎቶግራፍ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ፣ ጽሑፍና ማኅተም፣ እንዲሁም ጭረት፣ ጥገና ወይም ስብራት የመሰለ ልዩ ምልክት ነው። ይህን ለመሙላት ሜትርና የእጅ ስልክ ይበቃሉ። "በብራና የተጻፈ፣ በእንጨት ገበታ የተጠረዘ፣ ቁመቱ 17 ወርዱ 12 ሳንቲሜትር፣ የኋላው ገበታ ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም የተፋቀ" የሚል መግለጫ ግዕዝ የማያነብ ሠራተኛም ሊጽፈው ይችላል። ምንነቱንና ዘመኑን ለማወቅ ግልባጩ ወደ ከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሊላክ ይችላል። የቆየ ደብዳቤና ውል ከሆነ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ።

ውርስ አጣሪው በሕግ ንብረቱን ዘርዝሮ መገመት አለበትና የገንዘብ ግምቱን ባዶ ሊተው አይችልም። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው የቁሱን ዋጋ፣ ለምሳሌ የብሩን ግራም፣ ለብቻ ጽፎ "በቅርስነቱ በባለሙያ የሚታይ" የሚል ማስታወሻ ማከል ነው። ይህ ወራሾቹ ዕቃውን በጥድፊያ እንዳይሸጡ ጊዜ ይሰጣል፤ ኋላ ክርክር ቢነሳም ፍርድ ቤቱ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። ለካሳ ገማቹ ደግሞ አዲስ ቅጽ አያስፈልገውም። የቤቱን ክፍሎች ሲቆጥር ከምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ጋሻ አይቶ፣ ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት ለባህል ጽሕፈት ቤቱ በስልክ ቢያሳውቅ ሥራው ተሠርቷል። ለዚህ የሚሆነው ጊዜ ደግሞ ቤቱ እስኪፈርስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው።